የሚኤሶ ባቡር በኮምፒውተር ላይ ስንት ያወጣል?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ፈረንጆቹ በኮምፒውተር ባቡር ለመንዳት ለአንድ መስመር ብቻ 30 ዶላር ይከፍላሉ። ያውም ጌሙን ከገዙ በኋላ! እብደት አይደለም?» ይላል። መልሱ ስለረዘመብኝ እዚሁ ልጻፈው። የታሪክ አስተማሪ ሲጠየቅ ከሥሩ መጀመሩ አይቀርም፣ ታገሱኝ።

ማይክሮሶፍት የባቡር ሲሙሌተሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አብረውት የመጡት መስመሮች 6 ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ከአሜሪካ፣ ሁለት ከጃፓን፣ አንድ ከእንግሊዝ፣ አንድ ከኦስትሪያ። አፍሪካ የለችም። የቀረውን ዓለም የሞሉት ቀን ቀን ሌላ እንጀራ ያላቸው፣ ማታ ማታ የአገራቸውን ሐዲድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ የባቡር ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ በነጻ ሰጡ፣ አንዳንዶቹ ሸጡ። የሚሸጠው ነገር አድኦን ይባላል፤ ጌሙ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ማለት ነው።

አድኦን ሲባል ሥዕል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ሠሪ ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ኩርባው ስንት ፍጥነት እንደሚፈቅድ፣ ፍሬን ሲያዝ ባቡሩ ምን ያህል ሄዶ እንደሚቆም፣ ጥሩምባው ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ለይቶ ያስገባል። ይሄ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ዋጋው የሚወደደውም ገዢው ጥቂት ስለሆነ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 300 ሰው በ25 ዶላር ገዛ እንበል፤ 7,500 ዶላር። እንደ ስቲም ያለ መሸጫ 30 ከመቶ ሲቆርጥ 5,250 ይቀራል። ሥራው ሁለት ዓመት ከፈጀ በወር 220 ዶላር እንኳ አይሞላም። እብደት ካለ ሠሪው ጋ ነው እንጂ ገዢው ጋ አይደለም!

«ለፍቅር ከሠራው ለምን በነጻ አይሰጥም?» የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ስካይሪም ለሚባል ጌም የሚሠሩ ተጨማሪዎች እንዲሸጡ ፈቅዶ፣ ተጫዋቹ ስለተቆጣ በቀናት ውስጥ አነሳው። ለሠሪው የሚደርሰው 25 ከመቶ ብቻ ነበር። ከቁጣው ግማሹ ልክ ነው፤ ሌላው በነጻ የሰጠውን አንስቶ የሚሸጥ አይጠፋም። ግን ክፍያ ሠሪውንም ያስራል። የከፈለ ሰው «ጥሩምባው ልክ አይደለም» ሲል ተመልሶ ያስተካክላል። በነጻ የወሰደ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?

ደግሞ እድሜውን ተመልከቱ። ማይክሮሶፍት ሁለተኛውን የባቡር ሲሙሌተር እያዘጋጀ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2009 ስቱዲዮውን ዘጋው። ወዳጆቹ ግን ኦፕን ሬይልስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ሠርተው የድሮዎቹን መስመሮች ዛሬም ይነዱባቸዋል። ኩባንያው ትቶት ሄደ፣ ሐዲዱ ቀረ።

ወደ እኛ ልምጣ። ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የእኛ ሚኤሶ ያለችው በዚህ በኋለኛው ቁራጭ ላይ ነው፤ ኤረር፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ እያለ ይሄዳል። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። በ2009 የተመረቀው አዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። እሱን ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ተከፋፍለው ሲሠሩት አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ነው የያዙት። ስፌቱ እኛ ከተማ ላይ ነው!

አዲሱን መስመር ማንም ፈረንጅ የሳተላይት ፎቶ ዘርግቶ ሊሠራው ይችላል። የድሮውን ግን እንዴት? ሳተላይት ሾፌሩ የት ጋ ፍሬን መያዝ እንደሚጀምር አያሳይም፤ የጣቢያው ደወል ስንቴ እንደሚመታ አይናገርም። ይሄ ያለው በጡረተኞቹ ጭንቅላት ነው፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ሲቀመጡ የሚያወሩት ወሬ ውስጥ። ኩርባን ማወቅ ደግሞ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ያለ ድልድይ ጋ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ሲወጣ ከ400 በላይ ሰው አልቋል።

ስለዚህ ለተማሪዬ ያልኩት፣ አንተ ራስህ ሥራው ነው። ጭሮ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ የሚሠራ ነው፣ ገዢውም እዚያ ማዶ አለ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነግሬዋለሁ፤ ሽማግሌውን ቡና ጋብዞ፣ እውቀቱን ቀድቶ፣ ስሙን ሳያነሳና ድርሻውን ሳይሰጥ መሸጥ ቅድም ካልኩት ሌብነት አይለይም። 30ውን ዶላር የሚያወጣው የሽማግሌው ትዝታ ነው፤ ሥዕሉንማ ማንም ይሥለዋል።

አባታችሁ ወይ አያታችሁ ሚኤሶ፣ ሙሉ ወይ አፍደም ጣቢያ የሠሩ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ስልካችሁን ከፍታችሁ አስወሯቸው። የድሮውን ባቡር ጥሩምባ በካሴትም ሆነ በቪዲዮ የቀዳ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ከልጁ ጋር አገናኘዋለሁ።