የአውሮፓ ጓዳና የቦስንያ ጦርነት

የአንድ መንግሥት የውጭ ፖለቲካ ሥሩ ያለው በጓዳው ነው። ለዚህ አባባል ከ1992 እስከ 1995 ከተካሄደው የቦስንያ ጦርነት የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ጦርነት ስናወራ «አውሮፓ እንዲህ ፈለገች፣ አሜሪካ እንዲህ አለች» ማለት ይቀናናል። ለመሆኑ አውሮፓ ማን ናት? ቦን? ለንደን? ወይስ ፓሪስ?

ነገሩ በትልቅ ተስፋ ነበር የተጀመረው። ስሎቬንያና ክሮኤሺያ በጁን 1991 ነፃነታቸውን ሲያውጁ የአውሮፓ ማኅበረሰብ የሊቀ መንበርነት ተራ የሉክሰምበርግ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ዣክ ፖስ ሰዓቱ የአውሮፓ እንጂ የአሜሪካ አለመሆኑን በኩራት ተናገሩ። ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቷልና የዋሽንግተን ሞግዚትነት ይብቃን ማለታቸው ነው። ከኢራቅ ጦርነት ገና የወጣው የቡሽ መንግሥትም ቅር ሳይለው ዳር ያዘ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ድሩ ግን አላበረም። በ1990 የተዋሐደችው ጀርመን፣ አንድ ያደረገኝ ሕዝቦች ዕድላቸውን በራሳቸው የመወሰን መብት ነው የሚል ትኩስ ስሜት ነበራት። ፓርቲዎቹም ጋዜጦቹም ለክሮኤሺያ ዕውቅና ይሰጥ እያሉ ይወተውቱ ነበር። የኮል መንግሥት ባልደረቦቹን ሳይጠብቅ በዲሴምበር 23 ቀን 1991 ዕውቅና ሰጠ። ያመነቱት ለንደንና ፓሪስም፣ በማስትሪኽት የተደረሰው የአንድነት ስምምነት ገና በጧቱ እንዳይናጋ በመስጋት ጭምር በጃንዋሪ 1992 ተከተሉ። የቦስንያ ሰርቦች፣ ክሮአቶችና ሙስሊሞች እንዴት አብረው ይኖራሉ ለሚለው ጥያቄ ግን በቂ ዋስትና አልተሰናዳም። በአፕሪል 1992 ሳራዬቮ ተከበበች።

ወደ ለንደን እንምጣ። የጆን ሜጀር መንግሥት በ1992 ምርጫ ያገኘው ብልጫ 21 መቀመጫ ብቻ ሲሆን፣ በማስትሪኽት ጉዳይም የገዛ ፓርቲው ሰዎች እያመፁበት ነበር። እንዲህ ያለ መንግሥት የወጣቶች አስከሬን የሚመለስበት ጦርነት እንዴት ይደፍራል? በፓሪስም ከ1993 ጀምሮ ሶሻሊስቱ ሚተራንና የቀኙ ባላዱር ሥልጣን ተካፍለው እየተጠባበቁ ይሠሩ ነበር። ሁለቱም መንግሥታት ወታደር ልከዋል፤ ተልእኮው ግን በተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ቆብ ዕርዳታ ማድረስ ነበር። ይህ በቴሌቪዥን የሚታየውን ረሃብ ያስታግሣል፤ መድፉን አያቆምም።

አሜሪካስ? በምርጫ ዘመቻቸው ቡሽን በቦስንያ ጉዳይ የነቀፉት ክሊንተን በ1993 አንድ ሐሳብ አመጡ፤ የጦር መሣሪያ ማዕቀቡ ይነሣ፣ የሰርቦቹም ጦር ከአየር ይመታ። ማዕቀቡ በ1991 በመላ ዩጎዝላቪያ ላይ ሲጣል ለሁሉም እኩል ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ የቦስንያ ሰርቦች የቀድሞውን ሠራዊት ከባድ መሣሪያ ስለወረሱ ጉዳቱ በሳራዬቮ መንግሥት ላይ ወደቀ። ሐሳቡ እንግዲህ ፍትሐዊ ነበር። ግን አሜሪካ በቦስንያ ምድር ተዋጊ ጦር አልነበራትም፤ ቦምቡ ቢወርድ በቀሉ የሚያርፈው በእንግሊዝና በፈረንሳይ ልጆች ላይ ነው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ክሪስቶፈር በሜይ 1993 አውሮፓን ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያማ ዋሽንግተን አውሮፓን ፈሪ ስትል፣ አውሮፓ ዋሽንግተንን በሰው ልጅ ደም የምትጀግን ስትል ሁለት ዓመት አለፈ። እንዲያውም መወቃቀሱ ለሁለቱም ሳይመች አልቀረም። እያንዳንዱ መንግሥት ለሕዝቡ «ጥፋቱ የዚያኛው ነው» የሚልበት ሽፋን አገኘ።

በጁላይ 1995 የቦስንያ ሰርቦች ጦር፣ የሆላንድ ወታደሮች የሰፈሩባትንና የተባበሩት መንግሥታት «የተጠበቀ ቀጣና» ያላትን ስሬብሬኒትሳን ያዘ። ከ8,000 የሚበልጡ ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። ገዳዩ ግልጽ ነው፤ ካራጂችና ምላዲች በኋላ በሄግ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል። እኛ እዚህ የምንጠይቀው ስለ ተመልካቹ ነው።

ልብ በሉ፤ አቋሙ ሲለወጥም የለወጠው ጓዳው ነበር። በሜይ 1995 ሥልጣን የያዙት ሺራክ የወታደሮቻቸውን መታገት እንደ ሀገር ውርደት ቆጠሩት። ክሊንተንም የ1996 ምርጫ እየመጣባቸው ነበር፤ ሰላም አስከባሪው ለቅቆ ቢወጣ የሚያወጣ ጦር ለመላክ ቃል ስለገቡ ዳር መቆም የሚቻል አልሆነም። ኔቶ ከኦገስት 30 ጀምሮ ደበደበ፤ የክሮኤሺያና የቦስንያ መንግሥት ጦሮችም በምድር ገፉ። በኖቬምበር ድርድሩ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በሚገኝ የአሜሪካ አየር ኃይል ሠፈር ተጠናቀቀ። ፊርማው ግን በዲሴምበር 14 በፓሪስ ሆነ፤ ሥራው በአሜሪካ፣ ድግሱ በአውሮፓ መሆኑ ነው።

የሆላንድ መንግሥት በስሬብሬኒትሳ ጉዳይ ከሥልጣን የወረደው በ2002 ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ። በጦርነቱ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። ያ ሁሉ ሰው በለንደንም፣ በቦንም፣ በፓሪስም ሆነ በዋሽንግተን የምርጫ ካርድ አልነበረውም። ታዲያ የታላላቅ መንግሥታትን መግለጫ ስናነብ «ምን አሉ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ሲሉ የማንን ድምፅ ፈርተው ነው?» ብለን መጠየቅ አይገባንም?