የፈረሰኛ አዛዥ በምን ይመዘን?

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861–1865 እ.ኤ.አ.) የሚወያዩ ክበቦች በአገሪቱ ብዙ ናቸው። ፈር ቀዳጁ በ1940 በቺካጎ የተቋቋመው ሲሆን መጽሐፍ ሻጩ ራልፍ ኒውማን ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። አባላቱ ይሰበሰባሉ፣ እንግዳ ተናጋሪ ርዕሱን ያቀርባል፣ ከዚያ ክርክሩ ይደራል። ወሬው ወደ ፈረሰኞች ከዞረ ደግሞ «ከሁሉ የሚበልጠው አዛዥ ማን ነበር?» መባሉ አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚመዝነው በጀብዱ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው አዛዡ ለበላዩ ምን መረጃ እንዳደረሰና መቼ እንዳደረሰ ነው።

የደቡቡን ጄብ ስቱዋርትን እንውሰድ። በሰኔ 1862 አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል ፈረሰኞች አስከትሎ በሪችመንድ አቅራቢያ የሰፈረውን የሰሜኑን ጄኔራል የማክሌላንን ጦር ዞረው፤ የሞተበት አንድ መኮንን ብቻ ነበር። ጋዜጦች ግልቢያውን አወደሱ። ለበላዩ ለጄኔራል ሊ የጠቀመው ግን የጠላት ቀኝ ክንፍ መጋለጡን የሚናገረው ዜና ነው። በዓመቱ ስቱዋርት ሮክቪል ላይ 125 ጋሪ ማረከ፤ ምርኮው ጉዞውን አጓተተበት። ሊ ጠላቱ የት እንዳለ በቅጡ ሳያውቅ ፔንሲልቫኒያ ገባ፤ ስቱዋርትም ሁለቱ ጦሮች ወደተጋጠሙበት ጌቲስበርግ የደረሰው ውጊያው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሊ ትእዛዝ ራሱ ለትርጉም የተጋለጠ ነበር፤ ሁለት የፈረሰኛ ብርጌዶችም ከሊ ጋር ቀርተው ነበር።

በዚያው ጌቲስበርግ የሰሜኑ ጆን ቡፎርድ ያደረገው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ሰኔ 30 ከተማዋ ገባ፣ በስተ ምዕራብ ያሉትን ጉብታዎች አየ፣ ቃፊሮቹንም በየመንገዱ አሰማራ። በማግስቱ ጠዋት ጠላት ሲመጣ ሰዎቹን ከፈረስ አወረደ። ከአራቱ አንዱ ፈረሶቹን ይዞ ወደ ኋላ ሲቀር ሦስቱ ከኋላ በሚጎርስ አጭር ጠመንጃ ተዋጉ። ከሦስት ሺህ በማይበልጥ ሰው የሰሜኑ ጄኔራል የሬይኖልድስ እግረኛ ጦር እስኪደርስ ጊዜ ገዛ፤ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ያለው ከፍታም በሰሜኖች እጅ ቀረ። ቡፎርድ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በታይፎይድ በ37 ዓመቱ ሞተ። ማስታወሻ አልጻፈም፤ ስሙ የደበዘዘውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላው የሰሜን አዛዥ ቤንጃሚን ግሪርሰን ከጦርነቱ በፊት የሙዚቃ መምህር ነበር፤ በልጅነቱ ፈረስ ረግጦት ፈረስ ይጠላ ነበር። ሆኖም በ1863 ጸደይ 1,700 ሰው ይዞ ከቴነሲ ተነሥቶ፣ ሚሲሲፒ ግዛትን ሰንጥቆ በ16 ቀን ባተን ሩዥ ገባ። ደቡቦች እሱን ሲያሳድዱ የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻገረ። በአንጻሩ የሰሜኑ ሸሪዳን በግንቦት 1864 አሥር ሺህ ያህል ፈረሰኛ ይዞ ከዋናው ጦር ተለይቶ ሄደ፤ ስቱዋርትም የሎ ታቨርን ላይ ቆስሎ ሞተ። ግን በስፖትሲልቫኒያ ሲዋጋ የነበረው ዋናው ጦር አብዛኛውን ፈረሰኛውን አጥቶ ነበር። የሸሪዳን ዝና ከሥራው እንደሚበልጥ አምናለሁ።

የደቡቡ ናታን ቤድፎርድ ፎረስት በሰኔ 1864 ብራይስ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከእጥፍ በላይ የሚሆን ጦር ድል አድርጓል። ባሪያ ነጋዴም ነበር፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፎርት ፒሎ ላይ ሰዎቹ እጅ የሰጡ ጥቁር ወታደሮችን ጨፍጭፈዋል። በክበብ ፊት ቆሞ የፎረስትን ስልት የሚያስረዳ ሰው ፎርት ፒሎን ከዘለለ፣ አዛዡን አልመዘነም።