ግንባር፦ የአረርን ፊት የሚሰይም ቃል

በአሜሪካ አጋዘንና የዱር አሳማ በሽጉጥ የሚያድኑ፣ ጥይታቸውንም ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች ሲጨዋወቱ «ሜፕላ» የምትል ቃል አትጠፋም። ከፈረንሳይኛ የመጣች ናት፤ በአረሩ ፊት ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክብ ገጽ ትሰይማለች። በአማርኛ «ግንባር» እንበላት እላለሁ። «ጫፍ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጫፍ ሲባል ሹል ነገር ይታሰበናል፣ ሜፕላ ደግሞ የሹል ተቃራኒ ነው። ግንባር ሰፊ ነው፣ ከባላጋራ ጋር መጀመሪያ የሚገናኘውም እሱ ነው።

የቀሩትን ስሞች አማርኛ ድሮውንም አላቸው። ጥይት ሙሉው ነው፣ ቀለህ ሲተኮስ የሚቀረው፣ አረር ደግሞ ተወርውሮ የሚሄደው። አረሩ ቀልጦ የሚፈስበትን ባለ ሁለት ክፋይ ብረት፣ ብሎኬት አምራቹም ፕላስቲክ ፋብሪካውም እንደሚለው «ሞልድ» እለዋለሁ። ሞልድ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ክብደትና ስለ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ ግን አስቀድሞ ግንባሩን ይመልከት ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። የአደን ጠመንጃ አረር በሰከንድ 800 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚበር እንስሳው አካል ውስጥ ሲገባ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፤ የመግደል አቅሙም ከዚያ ይመጣል። የሽጉጥ አረር ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሜትር ባለው ፍጥነት ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት ጠንከር ያለ የእርሳስ ቅልቅል አይከፈትም፤ እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው ከሞልዱ ይዞት በወጣው ቅርጽ ላይ ነው። ድቡልቡል ራስ ያለው አረር ሥጋውን ወደ ጎን እየገፋ ያልፋል፣ ቀዳዳውም ከኋላው ተመልሶ ይጠባል። ግንባሩ ሰፊ የሆነ ግን ፊት ለፊቱ ያለውን እየደቆሰ ይሄዳል፤ አጥንት ቢያገኘውም አቅጣጫውን በቀላሉ አይስትም። እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ እንዳይሰቃይ፣ አዳኙም ግዳዩን እንዲጥል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይኼው ቀጥ ብሎ የሚዘልቅ ሰፊ ቀዳዳ ነው።

ይህን ነገር በአደባባይ ያስለመደው ኤልመር ኪት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1984 የኖረ፣ በአይዳሆ ከብት ያረባ፣ አዳኞችን የመራ፣ ስለ ጦር መሣሪያም ሲጽፍ የኖረ ባርኔጣ ወዳድ ሰው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ለአርባ አራት ስፔሻል ሽጉጥ የነደፈው አረር 250 ግሬይን፣ ማለትም 16 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ግንባሩም የአረሩን ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያህላል። ሞልዱ 429421 ተብሎ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የአረሩን ስፋት በኢንች ሺኛ ይነግሩናል፣ የቀሩት የንድፉ መለያ ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለገበያ የቀረበውን አርባ አራት ማግነም ጥይት ለማስወለድ ኪት ለዓመታት ወትውቷል።

የኪት አረር ከራሱ በታች ስል ትከሻ አለው። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ቆዳና ሥጋ የሚቆርጠው ትከሻው ነው ይሉ ነበር። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ግንባሩ በሥጋው ላይ ከከፈተው መንገድ በኋላ ለትከሻው የሚተርፍ ሥራ ብዙም አለመኖሩ ነው። ኋላ ላይ ቬራል ስሚዝ የተባለው ሞልድ ሠሪ ትከሻውን ትቶ ግንባሩን ያሰፋው ለዚህ ይመስለኛል። የእሱ ሰፊ ግንባር ንድፍ ከአረሩ ስፋት ከሦስት አራተኛ በላይ ይይዛል። ዋጋ የማያስከፍል ነገር ግን የለም፦ ግንባር በሰፋ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ይገታዋል፣ በሩቁም ፍጥነቱ ቶሎ ይወርዳል። ሃምሳ ሜትር ላይ አድብቶ ለሚተኩስ ሰው ይህ ጉዳት አይደለም፤ መቶ ሜትር አልፎ ለሚያልም ግን የኪት ዓይነቱ መካከለኛ ግንባር ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ገዢን የሚያታልል ነገር አለ። ያው ቁጥር ያለው ሞልድ ሁልጊዜ ያው ንድፍ አይደለም። ኪት በአረሩ ዙሪያ ያሉት ሦስቱ ቀለበቶች እኩል ሰፊ፣ ቅባት የሚያዝበት ቦይም ማዕዘኑ ቀጥ ያለና ጥልቅ እንዲሆን ነበር የፈለገው። ሞልዱን የሚሠራው የላይማን ፋብሪካ በጊዜ ብዛት የፊተኛውን ቀለበት አጠበበ፣ ቦዩንም አድቦለቦለ፤ አረሩ ከሞልዱ በቀላሉ ይወጣ ዘንድ። ኪት በዚህ አጉረምርሟል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ሥዕሉን ማየት ይበጃል።

ቀጥሎ ሞልዱ ከሽጉጡ ጋር መስማማቱ ነው። ሪቮልቨር የምንለው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ የሚሽከረከር ከበሮ አለው፤ አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያልፈው በከበሮው ጉሮሮ በኩል ነው። አረሩ ከጉሮሮው ከጠበበ የጋለው ጋዝ በጎኑ እየሾለከ እርሳሱን ይልሰዋል፣ የአፈሙዙም ውስጥ በእርሳስ ይለበጣል። ለስላሳ እርሳስ በስድስቱም ጉሮሮዎች አሳልፎ በማይክሮሜትር መለካት ከየትኛውም ማስታወቂያ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። የራሱም ርዝመት ይታይ፦ 358429 የተባለው የኪት ሞልድ በሠላሳ ስምንት ስፔሻል ቀለህ ቆንጆ ሲሆን፣ በዚያው ስፋት ባለው ረጅሙ የማግነም ቀለህ፣ የቀለሁ አፍ ወደ አረሩ መያዣ ቦይ ታጥፎ ሲሞላ ግን ከአንዳንድ አጫጭር ከበሮዎች ፊት ይወጣና ሽጉጡን አላዞር ይላል።

ቅልቅሉም የአረሩን ስፋት ይለውጣል። ላይማን ቁጥር ሁለት የሚባለው፣ 90 በመቶ እርሳስ፣ 5 በመቶ ቆርቆሮና 5 በመቶ አንቲሞኒ ያለበት፣ ሲቀዘቅዝ ከንጹሕ እርሳስ ያነሰ ስለሚኮማተር ከዚያው ሞልድ ሰፋ ብሎ ይወጣል። ሞልድ ሲታዘዝ ሠሪው «በምን ቅልቅል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሞልዱ የብረት ቢሆን ዕድሜ አለው ግን ይዝጋል፣ አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፣ ነሐስ ሙቀት ይይዛል ግን ለክንድ ይከብዳል። የባሩዱ መጠን ከታተመ መጽሐፍ እንጂ ከወዳጅ አፍ አይወሰድም፤ የላይማን የእርሳስ አረር መጽሐፍ ለዚህ የተዘጋጀ ነው።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። በቀለጠው ውስጥ የጠለቀች አንዲት የውኃ ጠብታ በቅጽበት ተንና ድስቱን ሙሉ ወደ ላይ ልትረጨው ትችላለች፤ ስለዚህ መነጽር፣ ረጅም እጅጌና የሚነፍስበት ቦታ የግድ ናቸው። የቀለጠበት ዕቃ ወጥ ቤት አይመለስ፣ ልጅም አይቅረብ፣ እጅ ሳይታጠብ እህል አይነካ።

ሕጉ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እዚህ የተጻፈው ሁሉ ለአሜሪካ ነው፤ በኢትዮጵያ ጉዳዩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። በአሜሪካም ቢሆን በሽጉጥ ማደን እንዴትና በምን መጠን እንደሚፈቀድ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ይወስናል። በካሊፎርኒያ የምትኖሩ አዳኞች ከሆናችሁ የእርሳስ ሞልድ ለአደን ብላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ እዚያ በእርሳስ ጥይት የዱር እንስሳ ማደን ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል።