የአረጋውያን መንገደኞች ዕቃ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው ከተማው ሦስት የታወቁ በሮች አሉት። በሱሉልታ በኩል የወጣ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ጎጃም፥ በቡራዩ በኩል የወጣ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ፥ በሰበታ በኩል የወጣ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይደርሳል። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ በሮች ስላለፉት ነጋዴዎችና ሠራዊቶች ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን በዚያው መንገድ ሲመላለሱ ስለኖሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፥ ይልቁንም ይዘውት ስለሚጓዙት ዕቃ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

የቀድሞ ሰው በእርጅናው ዘመን «ለመዝናናት እሄዳለሁ» ብሎ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ነገር ግን ለመሳለም ወይም ፍል ውሃ ለመግባት ይወጣል። ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ቀን ወደ ደብረ ሊባኖስ፥ ጉልበቱን ሲቆረጥመው ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ወደነበረችው ወደ አምቦ፥ ወይም ጊዮን ወደተባለችው ወደ ወሊሶ ይሄዳል። ሦስቱም ሥፍራዎች ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ርቀት ስላላቸው፥ በበቅሎ ለሚሄድ ሽማግሌ ሦስትና አራት ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነበር።

ከዕቃው ሁሉ የሚቀድመው እንግዲህ በቅሎው ነው፤ በቅሎን ዕቃ ማለታችን ይቅር ይባልልን። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ መኳንንቱ ራሳቸው በበቅሎ ተቀምጠው ፈረሳቸውን እንደሚያስጎትቱ በመጽሐፉ ጠቅሷል። ፈረስ ለጦርነትና ለክብር፥ በቅሎ ግን ለመንገድ ነበረችና ነው። ለሽማግሌ የምትመረጠውም ሰጋር በቅሎ ናት። ሰጋር በቅሎ ወገብ ሳትነቀንቅ እንደ ውሃ ትፈሳለች። የአገራችን ኮርቻ ደግሞ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ ስለሆነ፥ ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ሸለብ ያደረገውን አዛውንት እንደ ወንበር ደግፎ ይይዘዋል። እርካቡም አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነበር። ለመውጣትና ለመውረድ ከፍ ያለ ድንጋይ ይፈለጋል፤ ድንጋይ በሌለበት የአሽከር ትከሻ አለ። ድሃው ሽማግሌ ግን ሰጋር በቅሎም አሽከርም አልነበረውም። እርሱ በእግሩ ይሄዳል፤ ፈጽሞ ያቃተውም እንደ ሆነ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ፍል ውሃው ድረስ ያደርሱታል።

ሁለተኛው ዕቃ በትር ነው። ከዘራው ራሱ የተቆለመመ በመሆኑ እጅ ሥራ ሲይዝ ከክንድ ላይ ይንጠለጠላል። መቋሚያው ለረጅም የቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የተሠራ ቢሆንም፥ ራሱ አግድም ስለሆነ ቆሞ ለማረፍ ከእርሱ የተሻለ አይገኝም። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ የወረደ ሰው እንደሚያውቀው፥ የሽማግሌን ጉልበት የሚፈትነው አቀበቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ በዚያም ጊዜ ከወይራ የተቆረጠ በትር ሦስተኛ እግር ይሆናል። በትር ለዓይንም እንደሚያገለግል በሰበታ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ምስክር ነው።

ስለ ስንቁ ስናስብ የእናቶቻችን ብልሃት ያስደንቀናል። ቆሎ ለወጣት ነው፤ ጥርሱ ለረገፈ ሽማግሌ በሶ ይታሰርለታል። የተቆላ የገብስ ዱቄት ስለሆነ አይበላሽም፥ እሳት አይፈልግም፥ በቅል ውሃ ተበጥብጦ ያለ ማኘክ ይጠጣል። በአገልግል የተቋጠረው ፍትፍት ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ቀን ልብስ፥ ሌሊት ብርድ ልብስ ይሆናል፤ በሱሉልታ ሜዳ ያደረ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። አጎዛው ተጠቅሎ ከኮርቻው ኋላ ይታሰራል፤ ማታ ከመሬቱ እርጥበት የሚከላከለው እርሱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ ሲያሠሩ፥ የምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ የጉዞው ነገር መለወጥ ጀመረ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ ዘመን የመኪና መንገዶች ተዘረጉ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የአራት ቀኑ ጉዞ ወደ ጥቂት ሰዓት ወረደ። በቅሎው፥ ኮርቻው፥ አጎዛው አንድ ባንድ ከቤት ጠፉ። በምትካቸው ሻይ የሚያሞቀው ፔርሙዝ፥ የሚታጠፈው ወንበር፥ ጎማ ያለው ሻንጣ መጡ። ሻንጣ ላይ ጎማ ለመግጠም አሜሪካ የፈጠራ መብት የሰጠችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ሰው ወደ ጨረቃ ከተላከ በኋላ ማለት ነው! ከዚህ ሁሉ ለውጥ ሳይነካ የቀረው በትሩ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ጉዳይ ወደ ፍቼ ስንጓዝ፥ ሱሉልታ ላይ አንድ ሽማግሌ አውቶቡሳችን ውስጥ ገቡ። ረዳቱ ከረጢታቸውን ተቀብሎ ወደ ፖርቶመጋላው ሲወረውር ከዘራቸውንም አብሮ ወረወረው። «ልጄ፥ እርሱ እኮ ጭነት አይደለም» አሉት። ረዳቱ ግን ሒሳብ ይሰበስብ ነበር። እኛም በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን አየን እንጂ አንድ ቃል አልተናገርንም።

ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ላይ ስንደርስ አስቀድሞ የወረደው ከረጢቱ ነበር። ሽማግሌው የበሩን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መሬት ይመለከታሉ፤ የመጨረሻው ደረጃ ከመሬቱ እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ከኋላቸው ያሉት «ፈጠን በሉ አባባ» ይላሉ። በመጨረሻ በመንገዱ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ ተነሥታ ትከሻዋን አቀረበችላቸው፤ በእርሷ ላይ ተደግፈው ወረዱ። ከዘራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተቀብለው አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከዚያም በቁልቁለቱ ወደ ገዳሙ ጉዞ ጀመሩ።