ከውሉ በፊት ማን ተጠየቀ?

በ1996 ዓ.ም. መንግሥት የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን እንዲያስተዳድርለት አፍሪካን ፓርክስን መረጠ። በ1998 የኦሞን ፓርክ ጨመረለት። በ2000 ታኅሣሥ ላይ ድርጅቱ ከሁለቱም እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ጓዙን ጠቅልሎም ሄደ። ስለ ጥበቃ ያለኝ ሐሳብ ሁሉ እዚህ አራት ዓመት ላይ ይሰናከላል።

አፍሪካን ፓርክስን እ.ኤ.አ. በ2000 ካቋቋሙት አንዱ ሆላንዳዊው ባለሀብት ፖል ፌንተነር ፋን ፍሊሲንገን ነበር። አሠራሩ ለእኔ ቢጤ ኮድ ጸሐፊ ቶሎ ይገባል፦ ባለቤትነቱ የመንግሥት ነው፣ የአድሚን መብቱ ግን በረጅም ውል ለድርጅቱ ይሰጣል። ጥበቃ ይቀጥራል፣ መንገድ ያወጣል፣ ገንዘብ ያመጣል። በወረቀት ላይ ንጹሕ ነገር ነው። የእኛ ፓርኮች ደግሞ በጀት የሌላቸው፣ ጠባቂዎቻቸው ጫማ እንኳ የሚቸገሩ ነበሩና መንግሥት ለምን እንደጓጓ አልፈርድበትም።

ነጭ ሳር 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል። ከጋሞ ደጋ የሚወርደው ቁልፎ ወንዝ አርባ ምንጭን አልፎ ጫሞ ይገባል፤ በዳርቻው ያለው ደን የከርሰ ምድር ውኃ የሚያጠጣው ነው፣ የከተማው ማገዶም ለብዙ ዘመን ከዚያው ይለቀም ነበር። በምሥራቅ በኩል ሰርመሌ ወንዝ አለ። ሜዳው ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው ቆርኬ ነበር፣ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየመነመነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አጥኚዎች መንገድ ላይ የሞተች ወፍ ያገኛሉ፤ ይዘውት የሄዱት አንድ ክንፍ ብቻ ነው፤ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት። ሙሉዋን ሳያዩ በአንድ ክንፍ! ፓርኩ ላይ ያለው ጉጉት ከዚህ ይገመታል።

በሰርመሌ ሸለቆ ግን ጉጂዎች ከብት ያሰማሩ ነበር፣ ኮሬዎች ያርሱ ነበር። በውሉ ስሌት እነሱ የሚነሡት በመንግሥት ነው፤ ድርጅቱ የሚረከበው ባዶ ሆኖ ነው። ኮሬዎች ከፓርኩ ወጥተው ሰፈሩ። በኅዳር 1997 ከ460 በላይ የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸው ተዘገበ። ድርጅቱ ሰፈራው የእኔ ሥራ አይደለም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም፦ ሌላ ሰው ካጸዳልህ በኋላ ቁልፍ መቀበል ከማጽዳቱ ነጻ አያወጣህም።

ኦሞ ላይ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። የፓርኩን ወሰን በሚያጸድቅ ወረቀት ላይ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በጣት አሻራ ፈረሙ የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ሙርሲዎችና ሌሎች ጎረቤቶቻቸው ኦሞ ወንዝ ሲሞላና ሲጎድል የሚዘሩበት ዳርቻ አላቸው፤ ውኃው የሸሸበት መሬት ለእነሱ እህል ነው፣ ለካርታው ግን የፓርክ ጠርዝ። ድርጅቱ ሲወጣ ምክንያቱን በሰዎቹ የመሬት አጠቃቀም ላይ አላከከ። ሰዎቹ ከውሉ በፊትም እዚያው ነበሩ እኮ።

"ታዲያ ለማን ይሰጥ?" ለሚል ሰው መንዝን አሳየዋለሁ። የጓሳ ሣር ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፦ የአስቦና የጌራ ዘሮች ሜዳውን ለ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉና ሣሩ ሲደርስ ብቻ ይከፍቱታል። ለክዳን የሚሆነው ሣርም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ከዚያ የሚነሡት ምንጮችም በዚህ ኖሩ። ግን አላሞግሰውም። መብቱ በዘር ሐረግ ነው፤ ዘሩ የማይደርስ በዳር ያያል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ያፈረሰውም ይህን ልዩነት ለመሻር ነው፤ ሜዳው ግን ጠባቂ አጣ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በአዲስ መልክ፣ በኮሚቴና በክልሉ ሕግ፣ መልሶ ያዘው። የውጭ ድርጅቶችም አግዘዋል፤ አስተዳዳሪ ሆነው ግን አልገቡም።

ፌዴራል መንግሥትም ትምህርት ወሰደ ይባላል፦ በ2000 በአዋጅ ቁጥር 575 የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ዋና ዋና ፓርኮችም በእሱ ሥር ሆኑ። ሥልጣኑ ከድርጅት ወደ መሥሪያ ቤት ዞረ። የሰርመሌ ከብት ግን አሁንም ሣር ይፈልጋል።

ሳሪስ ሆኜ ይህን የምጽፈው ነገሩ ሩቅ ስላልሆነ ነው። አቃቂ ወንዝ ከከተማዋ ቆሻሻውን ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በበጋ ወራት ስደተኛ አእዋፍ እዚያ ያርፋሉ፣ በዳርቻው ገበሬዎች በዚያው ውኃ ጎመን ያጠጣሉ፣ እኛም እንበላዋለን። በ2011 የሸገር የወንዝ ዳር ፕሮጀክት ሲታወጅ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተባለ። ጎመኑን የሚያጠጡት ሰዎች ዲዛይኑ ላይ የት እንዳሉ ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ሣርና የእግር መንገድ ነው።