ተእዊል የሌለው ጥቃት፦ ከነህረዋን እስከ ሳውዝፖርት

ስለ ጽንፈኝነት ስናስተምር ዘወትር የምንጀምረው ከኸዋሪጅ ነው። ከሲፊን ውጊያ (37 ዓ.ሂ.) በኋላ ከዐሊይ (ረ.ዐ.) ሠራዊት የተነጠሉት እነዚህ ሰዎች የታወቀ አቋም ነበራቸው፤ ፍርድ የአላህ ብቻ ነው እያሉ፣ የሰዎችን ዳኝነት የተቀበሉትን ከእምነት ያስወጡ ነበር። አቋማቸው ግልጽ ስለነበረ መልስ ሊሰጠው ቻለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘንድ ቀርበው በማስረጃ ተከራከሯቸው፤ ብዙዎችም ተመለሱ። የእኛም የመምህራኑ ዋና መሣሪያ ይኸው ሆኖ ቀረ፦ የተሳሳተውን ተእዊል ፈልጎ በትክክለኛው ማረም።

ተእዊል የሌለው ጥቃት ሲገጥመንስ? በዘመናችን ከታዩት ምሳሌዎች አንዱ በእንግሊዝ ሳውዝፖርት ከተማ የደረሰው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የ17 ዓመት ወጣት የሕፃናት የዳንስ ትምህርት ወደሚሰጥበት ቤት ገብቶ ሦስት ልጃገረዶችን በቢላ ገደለ፤ ሌሎችንም አቆሰለ። ወጣቱ ከሩዋንዳ ከመጡ ወላጆች በካርዲፍ የተወለደ ነው። ሲመረመር ራይሲን የተባለ መርዝ አዘጋጅቶ ተገኘ። የአልቃኢዳ የሥልጠና ጽሑፍ ነበረው፤ ስለ ናዚ ጀርመንና ስለ ሩዋንዳው እልቂት የሚያወሱ ሰነዶችም እንዲሁ። እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ዓላማ ሳይሆን ግድያው ራሱ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ቢያንስ 52 ዓመት የሚታሰርበት የዕድሜ ልክ ቅጣት ሲፈረድበት፣ ፖለቲካዊም ሆነ ሃይማኖታዊ ዓላማ ስላልተረጋገጠ ድርጊቱ በሕጉ ትርጉም ሽብር አልተባለም።

ይህ ወጣት በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. «ፕሪቬንት» ወደተባለው የመንግሥት የጽንፈኝነት መከላከያ መርሐ ግብር ሦስት ጊዜ ተመርቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ምክንያት በትምህርት ቤት ስለሚፈጸሙ ግድያዎች መረጃ ማሰሱ ነው። ኋላ የተደረገው ግምገማ እንዳመለከተው፣ ግልጽ ርዕዮተ ዓለም ስለመታጣቱ ከሚገባው በላይ ትኩረት ተሰጥቶ ጉዳዩ ያለ ጊዜው ተዘጋ። ባለሙያዎቹ ያላገኙትን ትርጓሜ ግን ወሬ ሞላው። ገዳዩ ሙስሊም ስደተኛ ነው የሚል ሐሰት ተነዛ፤ በማግስቱም የከተማዋ መስጂድ በድንጋይ ተደበደበ፣ ከ50 በላይ ፖሊሶችም ተጎዱ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ ያዘዘበትን ምክንያት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በዘመናችን ብዙ የለም።

የፊቅህ ቅርሳችን ይህን ዓይነቱን ጥቃት የሚመለከትበት መንገድ አለው። ፉቀሃኡ ቡጋትን ከሙሓሪቦች ለይተው አስቀምጠዋል። ቡጋት ኃይልና ተእዊል ያላቸው አመፀኞች ናቸው፤ መሠረታቸው የሱረቱል ሑጁራት 9ኛ አንቀጽ ነውና ማስታረቅ ይቀድማል። ሙሓሪቦች ግን ያለ ተእዊል ሰውን የሚያሸብሩና ደም የሚያፈሱ ናቸው፤ እነርሱን የሚመለከተው የሱረቱል ማኢዳህ 33ኛ አንቀጽ ነው። አል-ማወርዲም (ሞት 450 ዓ.ሂ.) «አል-አሕካሙ ሱልጣኒያ» በተባለው ኪታባቸው ሁለቱን ለየብቻ ተንትነዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፦ ተእዊል መኖሩ የአያያዙን መንገድ ይለውጣል እንጂ አለመኖሩ አደጋውን አያሳንሰውም።

ዐሊይም (ረ.ዐ.) ኸዋሪጅን የያዙት በዚሁ ሚዛን ነበር። በንግግር እስከተወሰኑ ድረስ ከመስጂድ አልከለከሏቸውም። ዐብዱላህ ኢብኑ ኸባብን ገድለው ደም ባፈሰሱ ጊዜ ግን በነህረዋን (38 ዓ.ሂ.) ገጠሟቸው። ግልጽ አቋም ባላቸው ሰዎች ላይ እንኳ መለያው መስመር ድርጊቱ ነበር።

እንግዲህ በመድረሳና በሐለቃ ያለን ሰዎች ጥያቄያችንን ማስፋት ይገባናል። አንድ ልጅ የዐቂዳ ጥያቄዎችን ሁሉ በትክክል ይመልስ ይሆናል፤ ነገር ግን ሌሊቱን የግድያ ምስሎችን ሲመለከት የሚያድር፣ ከእኩዮቹ የተነጠለና በሰው ስቃይ የሚደሰት ከሆነ፣ የምናርመው ተእዊል የለም ብለን ልናልፈው አይገባም። እንዲህ ያለውን ልጅ ክርክር አይመልሰውም፤ የሚያስፈልገው ቀርቦ የሚያዳምጠው መምህር፣ ጉዳዩን በጊዜ የሚያውቅ ወላጅና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነው። ለሌሎች አደጋ መሆኑ ሲታይ ደግሞ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነፍስን የመጠበቅ ግዴታ ነው። በአንጻሩ ዝምተኛና ብቸኛ የሆነን ልጅ ሁሉ መጠርጠር ራሱ በደል ነው፤ የምንመዝነው ከአንደበቱና ከድርጊቱ የታየውን ነው። ወላሁ አዕለም።