ባሕር የማይደርስ ወንዝ

ስለ ባሕር ጥበቃ ሲነሣ «ባሕር የለንም፤ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ነገር ግን የዓለም ገናና የሰበታ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚወርድበት አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ ጉዞው አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ሲገባ ያበቃል። የጣሉበት ሁሉ እዚሁ ይቀራል።

ታሪክም ይመሰክራል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የተጠራቀመው ውሃም የዓሣ ማስገሪያ ሆነ። በ1950ዎቹ ማብቂያ እምቦጭ እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ። አረሙ የአገር መነጋገሪያ የሆነው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ጣናን ሲወርር ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ከበሽታው ጎን አለ። የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው ሰበታ ነው፤ የዓሣ ጫጩት አባዝቶ ለኩሬና ለግድብ ያከፋፍላል። ይህ ዕውቀት፣ የውሃ ምርመራ ውጤቱም ጭምር፣ ለሥራ ፈጣሪ ወጣቶች ወለል ብሎ ይከፈት። ዓሣ አርቢ ውሃው ሲመረዝ ከተቆጣጣሪው ቀድሞ ይጮኻል፤ የተነካው እንጀራው ነውና።